ወንድና ሴት ባልተመጣጠኑበት አካባቢ መጠናናት፦ የትኛውን ቁጥር ነው ማየት ያለብን?

ማለዳ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። «እዚህ ከተማ እኮ ወንድ አልቋል»፣ «እኛ ጋ ሴት በመብራት ብትፈለግም አትገኝም» የሚለው ወሬ ጠዋት ማታ የሚሰማ ነው። ግማሹ እውነት፣ ግማሹ የተከፋ ሰው ምሬት ይመስላል። በቁጥር የሚያስረዳኝ ፈልጌ ነው የመጣሁት።

የአንዱ ፆታ ቁጥር ከሌላው በ5 ወይም በ10 በመቶ ቢበልጥ አጋር የሚፈልግ ሰው በእርግጥ ይሰማዋል? መታየት ያለበት የከተማው ጠቅላላ ቁጥር ነው ወይስ ሌላ? የበዛው ወገንና ያነሰው ወገን ጠባያቸውስ እንዴት ይለወጣል? ደግሞ የሕዝቡን ቁጥር መለወጥ የማይችል አንድ ላጤ ምን ሊያደርግ ይችላል? «የተጻፈልህ አይቀርም» የሚለው መልስ በአክብሮት ይለፈኝ።

ቆጣሪው

የተጻፈውን ትተን የተቆጠረውን እንይ።

በተፈጥሮ ለ100 ሴት ሕፃናት 105 ገደማ ወንዶች ይወለዳሉ። ወንድ በየዕድሜው የመሞት ዕድሉ ከሴት ከፍ ስለሚል ልዩነቱ እየጠበበ ይሄድና በጎልማሳነት ይቀራረባል፤ በእርጅና ሴቶቹ ይበልጣሉ። ስለዚህ ምንም ያልነካው ሕዝብ በ25 እና በ35 ዓመት መካከል እኩል ለእኩል ነው ቢባል ብዙ ስህተት የለውም። የሚያዛባው ሌላ ነው። ማዕድን፣ ነዳጅ፣ ግንባታና የጦር ሰፈር ወንድ ይሰበስባሉ። የልብስ ስፌት ፋብሪካና የነርሶች ማሠልጠኛ የበዛበት ከተማ ሴት ይሰበስባል። ጦርነት ወንዱን ያሳንሳል። ወንድ ልጅ ይመረጥ በነበረባቸው አገሮች ደግሞ ችግሩ ከመወለድ በፊት ይጀምራል፤ በሕንድ የ2011 ሕዝብ ቆጠራ ለ1,000 ወንዶች 943 ሴቶች ነበሩ። በኳታር ለአንዲት ሴት ከሁለት በላይ ወንዶች ይገኛሉ፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም ወንዶች በብዙ ይበልጣሉ፤ ለሥራ የሚገባው የውጭ ሰው በአብዛኛው ወንድ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው። ጠቅላላው ቁጥር ያታልላል፤ ሕፃኑንም፣ አያቱንም፣ ያገባውንም ደምሮ ነው የሚነግረን። አጋር ፈላጊ የሚያገኘው ግን የተረፈውን ነው። በአንድ አካባቢ ከ25 እስከ 34 ዓመት ያሉ 100 ወንዶችና 110 ሴቶች አሉ እንበል። ማንም ሳይጣመር ልዩነቱ 10 በመቶ ነው፤ ልብ የሚለውም የለም። 70 ጥንዶች ሲጣመሩ 30 ወንድና 40 ሴት ይቀራል፤ ይህ ለ100 ወንድ 133 ሴት ማለት ነው። ጥንዶቹ 85 ሲደርሱ 15 ለ25 ይሆናል፤ ለ100 ወንድ 167። 95 ሲደርሱ 5 ለ15፤ ለአንድ ወንድ ሦስት ሴት። ትርፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያው 10 ሰው ነው። የሚያብጠው ምጣኔው ነው። በአንድ ከተማ የ23 ዓመቷ «ምን ችግር አለ?» ስትል የ34 ዓመቷ «በረሃ ነው» ብትል ሁለቱም አልዋሹም። ወንድ በሚበዛበት ቦታ ስሌቱ ተገልብጦ ያው ነው።

የራስን አካባቢ ለመቁጠር ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። መጀመሪያ የሕዝብ ቆጠራውን ሰንጠረዥ ፈልጉ፤ በአምስት አምስት ዓመት ዕድሜ፣ በፆታና በጋብቻ ሁኔታ የተከፋፈለውን እንጂ የማጠቃለያውን ገጽ አይደለም። የምትፈልጉትን የዕድሜ ክልል ይዛችሁ ያላገቡትን፣ የፈቱትንና የትዳር ጓደኛ የሞተባቸውን ደምሩ። ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩትን መቀነስ አትርሱ፤ በአንዳንድ ቆጠራ «ያላገባ» ተብለው ተመዝግበው ይገኛሉ። ከዚያ የማትደራደሩበትን ሁለት ወይም ሦስት መስፈርት ብቻ አስገቡ። አሥር መስፈርት ያስገባ ሰው በማንኛውም ከተማ ዜሮ ነው የሚያገኘው፤ ያኔ ጥፋቱ የከተማው አይደለም።

ብዙ ሰው የሚስተው ቀጣዩን ነው፦ የራስን ወገን መቁጠር። «ለእኔ የሚሆኑ 200 ሰዎች አሉ» ማለት ብቻውን ምንም አይነግርም። እነዚያን 200 ሰዎች የሚፈልጉ ስንት ናቸው?

ምሳሌ ልስጥ። 1,000 ያላገቡ ወንዶችና 1,000 ያላገቡ ሴቶች ያሉበት፣ ፍጹም የተመጣጠነ ከተማ ነው። ዲግሪ ያላቸው ወንዶች 300፣ ሴቶች 400 ናቸው። ሴቶቹ ዲግሪ የሌለውን አንፈልግም ቢሉ፣ ወንዶቹ ደግሞ ግድ ባይሰጣቸውና 100ዎቹ ዲግሪ ከሌላቸው ሴቶች ጋር ቢጣመሩ፣ ለ400 ሴቶች የቀሩት 200 ወንዶች ናቸው። አንድ ለሁለት! ሰንጠረዡ «እኩል» ይላል፣ ኑሮው ሌላ ይላል። በዚያው ከተማ ዲግሪ የሌላቸው 700 ወንዶች ደግሞ የቀሩላቸው 500 ሴቶች ብቻ ናቸው፤ እነሱም «ሴት ጠፋ» እያሉ ነው። ወንድ ጠፋ የምትለዋና ሴት ጠፋች የሚለው በአንድ ሰፈር ጎን ለጎን የሚኖሩት እንዲህ ነው።

ሁለት የቆጠራ ወጥመዶች አሉ። ከተቆጠረ ብዙ ዓመት ያለፈው ሰንጠረዥ በተለይ ፋብሪካ ወይም ግንባታ ለገባበት ቦታ አይሠራም። ሌላው፣ የሠራተኛ ካምፕ ባለበት ከተማ ብቻውን የሚታይ ወንድ ሁሉ ላጤ አይደለም፤ ሚስቱና ልጆቹ ሌላ ቦታ ያሉ ብዙ ናቸው። ዓይን የሚያየው ትርፍና እውነተኛው ትርፍ ሰፊ ልዩነት አላቸው።

ግማሽ ጨረቃ

ቆጣሪው የዕድሜ ልዩነቱን ዘለለው፤ ከስደትና ከጦርነት ባልተናነሰ ሚዛን የሚያዛባው እሱ ነው።

ወንዶች በአማካይ 5 ዓመት የምታንስ ሴት የሚመርጡ ከሆነ የ30 ዓመት ወንዶች የሚጠናኑት ከ25 ዓመት ሴቶች ጋር ነው። የሚወለደው ሕፃን ቁጥር በየዓመቱ በ2.5 በመቶ ሲያድግ በነበረበት አገር የ25 ዓመቶቹ ከ30 ዓመቶቹ በ13 በመቶ ይበዛሉ (1.025ን አምስት ጊዜ በራሱ ማባዛት ነው)። ማንም አልሞተ፣ ማንም አልተሰደደ፤ ግን ለ100 ወንድ 113 ሴት ተገኘ። ውልደት በየዓመቱ በ3 በመቶ እየቀነሰ በነበረበት አገር ደግሞ ተገላቢጦሹ ይሆናል፦ ለ100 ወንድ 86 ሴት። በሁለቱም ጊዜ የዕድሜ ልዩነቱ ከ5 ወደ 1 ዓመት ቢወርድ መዛባቱ ወደ 3 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ «ከእኔ ሁለት ዓመት የምትበልጥ» ወይም «ከእኔ ሁለት ዓመት የሚያንስ» የሚለውን በር መክፈት የበጎ ፈቃድ ምክር አይደለም፣ ስሌት ነው።

በታሪክም ታይቷል። ፈረንሳይ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ወታደሮች ሞተውባታል። ከጦርነቱ በኋላ ያለውን ጋብቻ ያጠኑ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች፣ ብዙ ወንድ በሞተባቸው አካባቢዎች የተረፉት ወንዶች ከራሳቸው ከፍ ካለ መደብ ሴት ማግባታቸው እንደጨመረ፣ የባልና ሚስት የዕድሜ ልዩነትም እንደጠበበ አግኝተዋል። ቁጥር ሲጎድል ሰው መስፈርቱን ነው የሚያንቀሳቅሰው፤ ወይ ዕድሜን፣ ወይ መደብን።

«5 በመቶ ይሰማል ወይ?» ለሚለው ደግሞ አንድ የሒሳብ ውጤት አለ። ጌልና ሻፕሌይ የተባሉ ሁለት የሒሳብ ሰዎች በ1962 ሁለት ወገኖችን የማጣመር ዘዴ አሳትመው ነበር፦ አንዱ ወገን ይጠይቃል፣ ሌላው ከጠየቁት የተሻለውን ይዞ የቀረውን ይሸኛል፣ የተሸኘው ወደሚቀጥለው ምርጫው ይሄዳል፤ ሁሉም እስኪረጋጋ ድረስ። በ2017 የታተመ ጥናት ቁጥሩ እኩል ባይሆንስ ብሎ ጠየቀ። 1,000 ወንድና 1,001 ሴት ካሉና የእያንዳንዱ ምርጫ በዘፈቀደ ከተደረደረ፣ ወንዶቹ በአማካይ ከዝርዝራቸው 7ኛ ገደማ ያለችውን ያገኛሉ፤ ሴቶቹ ግን 145ኛ ገደማ ያለውን። አንዲት ሴት ብቻ በመትረፏ!

ምክንያቱ ሲታይ ቀላል ነው። የተረፈችው ሴት ማንንም ለመቀበል ዝግጁ ናት። ስለዚህ ከ1,000ዎቹ ማንኛዋም «የተሻለ ካልሆነ አልፈልግም» ብትል ቦታዋን የሚይዝ ሰው አለ፤ የተፈናቀለችው በተራዋ ሌላዋን ትገፋለች፣ ሰንሰለቱ እስከ ታች ይወርዳል። የበዛው ወገን የመምረጥ አቅም የሚሸረሸረው በእያንዳንዱ ሰው ላይ «ምትክ አለ» የሚል ጥላ ስለሚያርፍ ነው።

እዚህ ላይ ግን መደናገጥ አያስፈልግም። በዚያ ስሌት ውስጥ ሁሉም ሁሉንም ያውቃል፣ ማንም አይደክመውም፣ ፍቅርም የለም። በሕይወት ሰው የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ ስለዚህ ጉዳቱ በጣም ይለዝባል። አቅጣጫው ግን ያው ነው፦ ትንሽ ልዩነት ከመጠኑ በላይ ይመታል።

ታዛቢ ዓይን

ቁጥሩን ሁለቱ ጨርሰውታል፤ እኔ ስለ ጠባይ ልጨምር። የጾታ ሚዛን ሲዛባ መጀመሪያ የሚለወጠው ፍጥነቱ ነው።

ሴት በሚበዛበት ቦታ ወንዱ አይቸኩልም። መጠናናቱ ይረዝማል፣ «እንዲያው እንተያይ» ይበዛል፣ ስም የሌለው ግንኙነት ለወራት ይንጠለጠላል። ወንድ በሚበዛበት ቦታ ደግሞ ወንዱ ቶሎ ማሰር ይፈልጋል፤ በሁለተኛው ሳምንት ስለ ቤተሰብ ይነሳል፣ በሦስተኛው ቅናት ይጀምራል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ አሜሪካ በገቡ ስደተኞች ልጆች ላይ የተሠራ ጥናት በማኅበረሰባቸው ወንድ የበዛባቸው ሴቶች የማግባት ዕድላቸው ከፍ እንዳለ፣ ከቤት ውጭ የመሥራታቸው ነገር ግን እንደቀነሰ አሳይቷል።

ስለዚህ «ያነሰው ወገን ንጉሥ ነው» የሚለውን በግማሽ ልብ ውሰዱት። መምረጥ የሚጠቅመው የመረጠው ሰው እምቢ የማለት ነፃነት ሲኖረው ነው። ሴቶች በራሳቸው በማይወስኑበት ቦታ እጥረቱ ጥበቃና ቁጥጥር ይሆንባቸዋል፤ ሲከፋም በቻይና የገጠር አካባቢዎች እንደተመዘገበው ከጎረቤት አገሮች ሴቶችን አታሎ ለሙሽርነት የመሸጥ ወንጀል ይወልዳል።

በመተግበሪያ ላይ የሚሆነውን ደግሞ በቅርበት እንየው። ሁሉንም የሚያስተናግዱ የመጠናኛ መተግበሪያዎች ላይ ብዙውን ጊዜ ወንድ ይበዛል፤ በከተማው ሴት ብትበዛ እንኳ ማለት ነው። 300 ወንዶችና 100 ሴቶች አሉ እንበል። እያንዳንዱ ወንድ በሳምንት 10 መልእክት ቢልክ 3,000 መልእክት ነው፤ ለእያንዳንዷ 30 ይደርሳታል። እሷ በሳምንት በእርጋታ ማውራት የምትችለው ከሦስት ሰው ጋር ነው፤ ስለዚህ ከአሥሩ አንዱ መልስ ያገኛል። ወንዱ «አይመልሱም» ብሎ ወደ 20 ያሳድጋል። አሁን 60 ይደርሳታል፣ የምትመልሰው ግን ያው ሦስት ነው፤ የመልስ ዕድሉ ከ10 በመቶ ወደ 5 ወረደ። ከዚያ ሰውየው ጽሑፉን ይቀዳና ለሁሉም አንድ ዓይነት «ሰላም ቆንጆ» ይልካል፣ እሷም ሳታነብ መሰረዝ ትለምዳለች። ሁሉም በየራሱ ትክክል መስሎት የሠራው ነገር ተደምሮ ገበያውን ያበላሸዋል። ያውም እኩል ሲከፋፈል ነው። በ2018 የታተመ በአራት የአሜሪካ ከተሞች የተሠራ ጥናት ውስጥ አንዲት የኒው ዮርክ የ30 ዓመት ሴት በአንድ ወር 1,504 መልእክት ደርሷት ነበር። በቀን 50 ማለት ነው። ይህን የሚያነብ ሰው አለ?

ከዚህ የሚወጣው ሥራ እነሆ። በበዛው ወገን ያለ ሰው በሳምንት ሦስት መልእክት ብቻ ይጻፍ፤ እያንዳንዱ ከሰውየው ወይም ከሴትዮዋ ገጽ የተወሰደ አንድ ነገርና አንድ መልስ የሚሻ ጥያቄ ይኑረው፣ ከሦስት አረፍተ ነገር አይብለጥ። ከአምስት እስከ ሰባት ምልልስ በኋላ ቀንና ቦታ ያለው ግብዣ ይቅረብ፤ «አንድ ቀን እንገናኝ» ግብዣ አይደለም። መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ ማስታወስ ይበቃል፤ ሁለተኛው ልመና ነው፣ ሦስተኛው ማስቸገር።

ባነሰው ወገን ያለ ሰው ችግሩ ሌላ ነው። የምርጫ ብዛት ሁልጊዜ «ቀጣዩ ይሻላል» ያሰኛል። መድኃኒቱ ቁጥር መገደብ ነው፦ በአንድ ጊዜ ከሦስት ሰው በላይ አለማውራት፣ ከእያንዳንዱ ጋር ቢያንስ ሁለት ጊዜ በአካል መገናኘት፣ ከዚያ መወሰን። የመጀመሪያው ቀጠሮ ሁሉም የሚደነግጥበት ነው፤ በእሱ ብቻ መፍረድ መልካሙን ሰው ያስጥላል።

ሴት በሚበዛበት ቦታ ላለችና ለተንጠለጠለች ሴት የምለው አጭር ነው። አራት ወይም አምስት ጊዜ ከተገናኙ በኋላ በግልጽ ትጠይቅ፦ «የምትፈልገው ምንድን ነው? ከሌላ ሰው ጋርስ ትገናኛለህ?» መልሱ ጭጋግ ከሆነ መልሱ እሱ ነው። ቀኑን በልቧ ሳይሆን በቀን መቁጠሪያ ትያዝ፤ ለምሳሌ ስምንት ሳምንት። ወንድ በሚበዛበት ቦታ ላለ ወንድም ይኸው ይሠራል፤ እሱ የሚሳሳተው በመጠበቅ ሳይሆን በመቸኮል ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል የሚባለው ተረት የተፈጠረው ለሱ ነው። እጥረት ስላለ ያገኘውን ሁሉ «ይህቺ ነች» ማለት፣ የማይስማማ ጠባይ እያዩ ማለፍ፣ ከስድስት ወር በኋላ የሚከፈል ዕዳ ነው።

ቀጭን መንገድ

ሁሉም ጥሩ ነው፤ ግን ከከተማው ሰንጠረዥ ይልቅ ሰው የሚውልበት ቦታ ምጣኔ ይበልጣል። ወንድና ሴት እኩል በሆኑበት ከተማ ወንድ ብቻ በሚሠራበት ጋራዥ ውሎ፣ ወንድ ብቻ ከሚገኝበት ኳስ ሜዳ አምሽቶ የሚገባ ሰው የሚኖረው በሌላ ከተማ ነው። የሥራ ቦታ፣ የትርፍ ጊዜ ቦታና የጓደኞች ክብ፤ እነዚህ ሦስቱ ናቸው የሰው እውነተኛ ሰፈር።

ስለዚህ መቁጠር ካለባችሁ ቦታዎችን ቁጠሩ። አንድ የቋንቋ ክፍል፣ የመዘምራን ቡድን፣ የተራራ መውጫ ማኅበር፣ የበጎ ፈቃድ ሥራ ምረጡ፤ በሦስት የተለያዩ ቀናት ሂዱና በዕድሜያችሁ ክልል ያለውን ወንድና ሴት ብቻ ቁጠሩ። አንድ ቀን ብቻ መቁጠር ያሳስታል፤ የቅዳሜ ሰውና የማክሰኞ ሰው አንድ አይደለም። ሌላው ፆታ ትንሽ የሚበዛበትን ምረጡ፤ ሁለት ለአንድ በቂ ነው። አሥር ለአንድ ከሆነ ሁሉም ለምን እንደመጣችሁ ያውቃል።

ቦታው ያው ሰዎች በየሳምንቱ የሚመለሱበት መሆን አለበት። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሳያቋርጡ መሄድ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሰው ፊት ያያል፣ በአራተኛው ስም ያውቃል፣ በስድስተኛው ጠባይ ያውቃል። በመተግበሪያ ላይ የበዛ ወገን ሆኖ በፎቶ ከመወዳደር ይህ በእጅጉ ይሻላል፤ ምክንያቱም የጊዜ ብዛት ፎቶ የማያሳየውን ያሳያል። አዳኝ ሆኖ መግባት ግን አይሠራም። በአንድ ወር ሦስት ሰው የጠየቀ ሰው ወሬው ከሱ ቀድሞ ክፍሉን ይዞራል፤ በአንድ ክብ ውስጥ አንድ ሰው ጠይቆ እምቢ ከተባለ ቢያንስ ጥቂት ወራት ዝም ብሎ የመጣበትን ነገር መማር ነው ያለበት።

ርቀትን በተመለከተ፦ በመተግበሪያ ላይ የፍለጋውን ክብ ከ10 ወደ 20 ኪሎ ሜትር ማስፋት ስፋቱን አራት እጥፍ እንጂ እጥፍ አያደርገውም። ሰፈሩ ሰው ያለበት ከሆነ የሰዉም ቁጥር እንዲሁ ይጨምራል። ነገር ግን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በደቂቃ መለካት ይሻላል። አንድ አቅጣጫ 45 ደቂቃ ከበለጠ በሳምንት ሁለቴ መገናኘት ይከብዳል፣ መገናኘቱ ሲሳሳ ግንኙነቱም ይሳሳል። ተራራ ወይም ድልድይ የሌለው ወንዝ መሃል ካለ 20 ኪሎ ሜትሩ ውሸት ነው።

ከተማ መቀየርን በሚመለከት ግን ቁጥር ወዳዶቹ እንዳያታልሏችሁ። ለምጣኔ ብሎ ብቻ መሄድ አያዋጣም፤ ሥራ፣ ቤትና ጓደኛ የሌለው አዲስ ገቢ ጥሩ ምጣኔ ባለበት ከተማ እንኳ ማንንም አያገኝም። ለሌላ ምክንያት ለመዛወር እያሰባችሁ ሁለት ከተማ እኩል ከሆኑባችሁ ግን በዕድሜያችሁ ያላገቡትን አይታችሁ ምረጡ፤ ያኔ ነፃ ጥቅም ነው።

ማለዳ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ይህን ያህል አልጠበቅሁም። አንድ የቀረኝ አለ። ቦታው በጣም ትንሽ ከሆነስ? ለምሳሌ በተፈለገው ዕድሜ ያሉት ያላገቡ 15 ወንዶችና 12 ሴቶች ብቻ ቢሆኑ ምጣኔውን ማስላት ትርጉም አለው?

ቆጣሪው

ትርጉሙ ትንሽ ነው። በዚያ መጠን አንዲት ሴት ብታገባና አንድ ወንድ ለሥራ ቢሄድ መቶኛው ይለዋወጣል። እዚያ ላይ የሚወስነው ምጣኔው ሳይሆን የገንዳው ስፋት፣ ማለትም ሊገኙ የሚችሉት ሰዎች ብዛት ነው።

እንዲህ አስቡት። ከማንኛውም ሰው ጋር በሁለቱም በኩል መፈላለግ የመፈጠሩ ዕድል ከ20 አንድ ነው እንበል። 12 ሰው ካለ ቢያንስ ከአንዱ ጋር የመስማማት ዕድል 46 በመቶ ነው። 15 ሲሆን 54 በመቶ። ከ12 ወደ 15 መሄድ፣ ማለትም ከበዛው ወገን ወደ ጎደለው መገልበጥ፣ የጨመረው 8 ብቻ ነው። 60 ሰው ሲሆን ግን 95 በመቶ ይደርሳል። (0.95ን በሰዎቹ ቁጥር ልክ በራሱ አባዝታችሁ ከ1 መቀነስ ነው። ከ20 አንድ ያልኩት ለምሳሌ ነው፤ የራሳችሁን አስገቡ።)

ትንሽ ቦታ ላይ ሌላም ነገር ይለያል። ጀምረው የተለያዩ ጥንዶች ነገም እዚያው ይገናኛሉ፤ ከ12ቱ ከአንዷ ጋር በክፉ የተለያየ ሰው ከጓደኞቿም ጋር ስለሚለያይ 12ቱ በአንድ ምሽት 7 ሊሆኑ ይችላሉ። በትንሽ ቦታ እምቢታን በጨዋነት መቀበል፣ ሲለያዩም ስም አለማጥፋት፣ ከምግባርነቱ ሌላ ገንዳውን የመጠበቅ ሥራ ነው።

60 እንዴት ይደረሳል ካላችሁ፦ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መፈለግ አይጠበቅም። በወር አራት አዲስ ሰው የሚያስተዋውቅ አንድ ሳምንታዊ ነገር፣ ቢቻል ከአካባቢው ወጣ ያለ፣ በ12 ወር 48 ሰው ያመጣል፤ ከነበሩት 12 ጋር 60።

ታዛቢ ዓይን

ቆጣሪው ላይ አንድ እርማት። 48ቱም ያላገቡ አይሆኑም፤ ከአራቱ ሁለቱ ባለትዳር ሊሆኑ ይችላሉ። ግን ያገቡትን አትናቋቸው፤ ሰው የሚያስተዋውቁት እነሱ ናቸው። እና አስተዋውቁን ብላችሁ ስትለምኑ «ጥሩ ሰው ካለ» አትበሉ፤ ዕድሜውን፣ የምትኖሩበትን አካባቢና የማትደራደሩበትን አንድ ነገር ንገሯቸው። «ጥሩ ሰው» ስትሏቸው ማንም ትዝ አይላቸውም።